ዋጋው ከነልጓሙ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። የሚጠራጠር ካለ እምላለሁ፤ ዋሽቼ እንደሆነ የቆሰበር ዝናብ ልብሴን ባሰጣሁ ቁጥር ይምጣብኝ፣ የቆሰበር ጭቃም ጫማዬን ይዞ አስቀርቶ በካልሲ ወደ ቤቴ ይስደደኝ። ቆሰበር በምንላት በእኛዋ ኢንጅባራ ውስጥ ከዚህ የከበደ መሐላ የለም። ማይክ አለበት፣ ፈረስ አለበት፣ ሒሳብም አለበት፤ ሒሳቡ ግን ቀላል ነው፣ እኔ ከገባኝ ማንም ይገባዋል። ለማንኛውም ክንዴን ባንኮኒ ፊት ገትረነው ላብ እያጠመቀው ነውና ወደ እሱ እንሂድ።

«ስንት አሉኝ?» አለ ክንዴ።

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ።»

«ጋሽ ዓብዱልሀሚድ፣ ማይኳን እኮ ነው የምልዎት። ይቺን ጥቁሯን፣ ባለ ሽቦዋን።»

«እኔም እሷኑ ነው የምልህ፣ ልጄ።»

ክንዴ የመስታወቱ ሣጥን ላይ አፍንጫውን ለጠፈ። ማይኳ በሰማያዊ ጨርቅ ላይ እንደ ሙሽራ ተጋድማለች። አጠገቧ ቁራጭ ካርቶን ቆሟል፤ ካርቶኑ ላይ በወፍራም ቀይ ቀለም «2,000 ብር» ተብሎ ተጽፏል። ባለፈው ማክሰኞም ያለው ይህንኑ ነው። ክንዴ ማክሰኞ ዕለት ሦስት ጊዜ አንብቦታል፤ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ደግሞ እንዳይረሳው ጮክ ብሎ።

«ይኸው ሁለት ሺህ ይላል!»

«ልክ ነው፣ ይላል» አሉ ጋሽ ዓብዱልሀሚድ፣ የደረሰኝ ማሽናቸውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ። «ይኼ ማሽን ግን ቫቱን ይጨምራል። ከመቶው አሥራ አምስት። ሁለት ሺህ ላይ ሦስት መቶ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተጻፈም?»

«ተጽፏል እንጂ።» በአገጫቸው ወደ ግድግዳው ጠቆሙ።

ግድግዳው ላይ ሰባት ጃንጥላ ተሰቅሏል። ከጃንጥላዎቹ ኋላ የአንድ ወረቀት ጫፍ ብቅ ብሏል። ክንዴ አንዱን ጃንጥላ ገለጥ ሲያደርግ «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» የሚል ጽሑፍ አገኘ። ፊደሉ ከጉንዳን ጭንቅላት አይበልጥም።

በእጁ የያዘውን ፌስታል ወደ ደረቱ አስጠጋ። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ሁለት ሺህ ብር ነው፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም፣ አንድ ሳንቲም አልተረፈም። የራሱ ብር ቢሆን ምን ቸገረው። ብሩ ግን የአራት መቶ ተማሪ ነው።

«ያለ ደረሰኝስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ይህቺን ነገር ትልልቅ ሰዎች ሲሏት ሰምቷል።

ጋሽ ዓብዱልሀሚድ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «ያለ ደረሰኝ ከዚህ ቤት ክብሪት አይወጣም። ሂድና የጎደለውን አምጣ። ማይኳን እስከ ማታ ላንተ አስቀምጣታለሁ።»

ነገሩ ለሌላ ልጅ ቢሆን ቀላል ነበር። ሄዶ «ዋጋው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሆነብኝ» ይላል፤ ያምኑታል። ክንዴን ግን ማን ያምነዋል?

ክንዴ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ዜና አንባቢም ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን «ክንዴ ቀዳጁ» በሚለው ስሙ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ መዝሙሩ ሲያልቅ ማይኩን ጨብጦ እውነተኛውን ዜና ያነባል፤ ዜናው ሲያጥርበት ከራሱ ይቀጥልበታል። ጥሊሊ ላይ አንድ ድንች ተቆፍሮ ወጥቶ ባጃጅ አልሸከም እንዳለው የተናገረ እሱ ነው። አንድ ጅብ ለማታ ትምህርት ሊመዘገብ መጥቶ «ጉርድ ፎቶ አምጣ» ተብሎ የተመለሰውም በእሱ ዜና ላይ ነው። እዚህ ድረስ ተስቆ ታለፈ። ነገሩን ያበላሸው የዘንገና ሐይቅ ነው። «ሐይቁ ለጽዳት ስለተደፋ እስከ ነገ ውሃ የለውም» ብሎ አወጀ፤ አርባ ተማሪ የከሰዓቱን ትምህርት ጥሎ ደረቅ ሐይቅ ሊያይ ሄደ። ሐይቁ እንደ ሁልጊዜው ሞልቶ ጠበቃቸው።

ከዚያ ወዲህ ክበቡን የሚመሩት መምህር አሳምነው በዓይነ ቁራኛ ነው የሚያዩት። አሮጌው ማይክ የክረምቱ ዝናብ ገብቶበት ሲሞት ተማሪው አምስት አምስት ብር አዋጣ። የአዲሱን ዋጋ አይቶ የመጣው ክንዴ ነበርና «ያየው ሄዶ ይግዛ» ተባለ። መምህሩ ግን ጣታቸውን ቀስረው አስጠነቀቁት።

«ሰኞ ጠዋት ማይኩን ከነደረሰኙ ታመጣለህ። በማይኩ ፈንታ ወሬ ይዘህ ከመጣህ ዜና ማንበብህ በዚያው አበቃ። ተግባባን?»

«ተግባባን፣ ቲቸር! እንዲያውም ተከራክሬ በሺህ ዘጠኝ መቶ ነው የማመጣት!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ያልሳቀችው የክበቡ ገንዘብ ያዥ ሰርክአዲስ ብቻ ነበረች። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቃ «እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» አለች። ለምን እንዳለች ክንዴ እስከ ዛሬ አልገባውም። ዜና ማንበብ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ እሱ የሚችላት አንዲት ነገር ናት፤ በሒሳብ አይጠራ፣ በእንግሊዝኛ አይጠራ፣ በኳስ እንኳ ተቀያሪ ነው።

እንግዲህ አሁን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከሱቁ ወጥቶ የመብራት እንጨት ተደግፎ ቆሟል። ጭንቅላቱ እንደለመደው ሥራውን ጀመረ። «ሌባ ቀማኝ» ቢልስ? ሌባው ወዲያው ታየው፤ ጎራዳ፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገ፣ በግራ እግሩ የሚያነክስ። «ባጃጅ ተገልብጦ ብሩን ጎርፍ ወሰደው» ቢልስ? እሱም አይከፋም፤ ጎርፉን ለማሳመር ሁለት በግ ይጨመርበታል። ሁለቱም ታሪክ እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ምላሱ ላይ መጣ። እውነቱን ሲሞክረው ግን አፉ ውስጥ ተሰነቀረ። «ሁለት ሺህ ተብሎ የተጻፈው ማይክ ሁለት ሺህ አይደለም።» ኤጭ! ይህንን ማን ያምናል? ድንቹ ይሻላል።

ደግሞ አንድ ነገር ከነከነው። ሌባው ከመጣ ብሩ የት ይገባል? ፌስታሉን የሆነ ቦታ ሊደብቅ ነው። ያኔ ቀደዳነቱ ይቀርና ሌብነት ይሆናል። ድንቹ ከማንም ኪስ ምንም አልወሰደም።

ፌስታሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ሰርክአዲስ ቤት ሮጠ።

ሰርክአዲስ ግቢያቸው ውስጥ ዩኒፎርሟን እያጠበች ነበር። ክንዴ ካርቶኑን፣ ማሽኑን፣ ሰባቱን ጃንጥላና ጉንዳን የሚያካክሉትን ፊደሎች በአንድ ትንፋሽ ነገራት።

«ጨረስክ?» አለች፣ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ።

«ጨረስኩ።»

«አቦ፣ ይኼኛው ከጅቡም ይብሳል። ጅቡ እንኳ የጎደለው ፎቶ ብቻ ነው።»

«ሙች እውነቴን ነው፣ ሰርኬ!»

«ካርቶኑ ስንት ይላል?»

«ሁለት ሺህ።»

«ሰውዬው ስንት አሉህ?»

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ።»

«ማንበብ አይችሉም?»

«ራሳቸው ናቸው እኮ የጻፉት!»

ሰርክአዲስ እጇን አራገፈችና ትክ ብላ አየችው። «ስማ ክንዴ፣ እኔ ዋስ ሆኜልሃለሁ። አንተ ከቀደድክ ሌባ የምባለው እኔም ነኝ። ና፣ ሄደን እንይ።»

ሱቁ ጋ ሲደርሱ በሩ ላይ በርጩማ ተጋድሟል። ጋሽ ዓብዱልሀሚድ ለሶላት መስጊድ ሲሄዱ ሱቁን አይዘጉም፤ በርጩማ በሩ ላይ አጋድመው ይሄዳሉ። ያንን በርጩማ ተራምዶ የሚገባ ሰው በሠፈሩ የለም። ስለዚህ ክንዴ ከውጭ ሆኖ በጣቱ አሳየ። ሰርክአዲስ አንገቷን አስግጋ ካርቶኑን አነበበች።

«ሁለት ሺህ ብር» አለች።

«አዎ።»

«ሁለት ሺህ ብር ነው እኮ የሚለው፣ ክንዴ።»

«አዎ አልኩሽ። ግን አይደለም። ከጃንጥላዎቹ ኋላ ወረቀት አለ፤ ፊደሉ እንደ ጉንዳን…»

ከአፉ ሲወጣ ለራሱም አጠራጠረው። ጃንጥላዎቹ ደግሞ ከበሩ ሲታዩ ጃንጥላ ብቻ ናቸው። ሰርክአዲስ ከካርቶኑ ወደ እሱ ዞረች። ብትቆጣ ይሻለው ነበር፤ ፊቷ ላይ የነበረው ግን ቁጣ አይደለም፣ ሰው ከእጁ አምልጦ የተሰበረ ብርጭቆውን ሲያይ የሚመስለውን ነው የመሰለችው። ክንዴ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናግሮ እንደ ውሸታም አላበው።

«ብሩን ስጠኝ» አለች እጇን ዘርግታ።

ሰጣት። አልቆጠረችውም። እንዲሁ ያዘችው፤ ይህ ደግሞ ከመቁጠር ይበልጥ አመመው።

በዚህ መሀል የፈረስ ኮቴ ተሰማ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዳማ ፈረስ እየሳቡ መጡና ከበሩ ፊት ቆሙ።

«ደኅና ዋላችሁ፣ ልጆቼ። ባለቤቱ የለም?»

«ሶላት ላይ ናቸው፣ አባባ። አሁን ይመጣሉ» አለች ሰርክአዲስ።

«እንግዲያው እጠብቃለሁ። አያ ይኸነው ይሉኛል፤ ከአዲስ ቅዳም ማዶ ነው የመጣሁ። እስቲ ልጄ፣ ዓይኔ ደከም ብሏል፤ ይቺ በሩ ላይ የተንጠለጠለችው ሬዲዮ ስንት ትላለች?»

ሬዲዮዋ ላይ በክር የታሰረ ካርቶን ነበር። ሰርክአዲስ ገልበጥ አድርጋ አነበበችላቸው። «አንድ ሺህ ብር።»

«እሰይ! ጎረቤቴም ያለኝ ይኸንኑ ነው።» የጋቢያቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና አሥር ባለ መቶ ብር አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስተካክለው ያዙ። ፈረሱ ከጀርባቸው ሆኖ ብሩን አብሮ ተመለከተ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ዓብዱልሀሚድ መጡ። በርጩማውን አነሡ፣ ሽማግሌውን ዝቅ ብለው ሰላም አሉ፣ ሬዲዮዋን ከፍተው አሰሙ፣ በጨርቅ ወለወሏት። ከዚያ ማሽናቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ይቅናዎት፣ አባቴ። አንድ ሺህ መቶ ሃምሳ።»

ክንዴ ዘለለ። ሁለት እግሩ ከመሬት ተነሣ። «ሰማሽ? ሰማሽ ወይ፣ ሰርኬ? መቶ ሃምሳ! ጨመሩባቸው! ተመስገን! ተመስገን!»

ሰርክአዲስ አፏን በእጇ ያዘች። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ እንደ ጠዋት ጭጋግ ተገፈፈ። ፌስታሉን መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ይቅርታ» አለችው፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ እሱ ግን ከተራራ ላይ የተጮኸ ያህል ሰማው። ከጫንቃው ላይ አንድ ኩንታል ድንች የወረደለት መሰለው።

«ምነው ልጄ» አሉ አያ ይኸነው ዞር ብለው፣ «እኔ ላይ ሲጨመር አንተን ምን ያስፈነድቅሃል?»

ክንዴ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ይቅርታ፣ አያ ይኸነው። እኔም ላይ ተጨምሮብኝ ብናገር የሚያምነኝ ሰው አጥቼ ነው።»

ሽማግሌው ልጁን አዩ፣ ብራቸውን አዩ፣ ከዚያ ወደ ባለሱቁ ዞሩ። አልጮኹም። የፈረስ ዋጋ እንደሚነጋገር ሰው ረጋ ብለው ነው የጀመሩት።

«ወንድሜ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፈረስ ስሸጥ የኖርኩ ነኝ። በእኛ ገበያ በዋጋ ተስማምቶ መዳፍ ከመመታቱ በፊት አንድ ጥያቄ አለች። ‹ከነልጓሙ ነው ወይስ ያለልጓሙ?› ትባላለች። ያለልጓሙ ካልኩ ገዢው የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል። ከነልጓሙ ካልኩ ልጓሙም የሱ ነው። መዳፍ ከተመታ በኋላ ልጓሙን አውልቄ ‹የዚህን ደግሞ ጨምር› ብል፣ ያን ቀን ገበያው ይስቅብኛል፤ በማግስቱም ልጄ ፈረስ ይዞ ቢወጣ የሚያናግረው የለም።»

«አባቴ፣ ቫቱ እኮ ወደ ኪሴ አይገባም። የመንግሥት ነው።»

«ይሁን! ይውሰድ፤ እኔ መች አትስጥ አልኩህ? እኔ የምልህ ከቤቴ ሳልወጣ ልወቀው ነው። አውቄ ቢሆን አንድ የሚሸጥ ዶሮ አስከትዬ እመጣ ነበር።»

ጋሽ ዓብዱልሀሚድ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እውነትዎን ነው። የእኔንም ይስሙልኝ። ማዶ ያለው ሱቅ ሁለት ሺህ ብሎ የሚጽፈውን ዕቃ እኔ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብዬ ብጽፍ፣ አላፊ አግዳሚው የኔን አይቶ ‹ውድ ነው› ይልና ይሻገራል። እዚያም የሚከፍለው ያው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ነው። ግን አንዴ ገብቷል፣ ዕቃው ተጠቅልሎለታል፣ ሰው ቆሞ ያየዋል፣ ያፍራል፣ ይከፍላል። እኔ ሙሉውን በመጻፌ ልክሰር?»

አያ ይኸነው ጢማቸውን አሹ። ክንዴ ግን አላስችል አለው።

«ጋሽ ዓብዱልሀሚድ፣ እኔን ሰው አያምነኝም። ቀዳጅ ነኝ፤ ድንችም ባወራ፣ ጅብም ባወራ ‹እሱ እኮ ነው› ብለው ያልፉታል። ካርቶንዎን ግን ሁሉም ሰው ያምነዋል።» ወደ ሰርክአዲስ አየ። «እሷ እንኳ ዛሬ ከእኔ እሱን ነው ያመነችው።»

ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች መውረድ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ፈረሱ የገባው። ዝናቡን ሸሽቶ ይሁን ፍርዱ ዘግይቶበት አይታወቅም፣ ረጅም አንገቱን በበሩ አሻግሮ ሬዲዮዋን አሸተተ። ከዚያ ካርቶኗን በከንፈሩ ያዝ፣ ክሩን በጠስ፣ «አንድ ሺህ ብር»ን ከነዜሮዎቿ ገመጥ አድርጎ ማኘክ ጀመረ። አያ ይኸነው በአዊኛ ተቆጡት። ፈረሱም ተቆጪውን አከበረና ቶሎ ብሎ ዋጠ።

ጋሽ ዓብዱልሀሚድ ባዶውን ክር ለአፍታ አዩት። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«በሉ፣ አሮጌው ዋጋ አለቀ!» አሉ። «አባቴ፣ ያን ካርቶን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ሺህዎን ይስጡኝ፤ የዛሬውን ልጓም እኔ እከፍላለሁ።» ደረሰኙን ቆርጠው ሬዲዮዋን አስታቀፏቸው። ሽማግሌው መርቀው፣ አጨብጭበው፣ ሬዲዮዋን ከጋቢያቸው ሥር አስገብተው ከነፈረሳቸው ሄዱ።

«እኛስ?» አለ ክንዴ ወዲያው።

«እናንተ ላይ ሦስት መቶ ከተውኩ ኪሳራ ነው፤ ማይኳ የምታተርፍልኝ ያን ያህል አይደለም።» ጋሽ ዓብዱልሀሚድ ሱቃቸውን ዞር ዞር ብለው ቃኙት። «ከመካከላችሁ የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ማን ነው?»

«እሱ» አለች ሰርክአዲስ።

«ሒሳብ የሚያውቅስ?»

«እሷ» አለ ክንዴ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«እዚህ ቤት ውስጥ መቶ ሠላሳ ካርቶን አለ። ሁሉንም በሙሉ ዋጋው ጻፉልኝ። ሦስት መቶው የድካማችሁ ይሁን።»

እንዲያ ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ሁለቱ የስኳር ካርቶን እየቆረጡ ባንኮኒው ሥር ተቀምጠው ዋሉ። ሰርክአዲስ ታሰላለች፤ ክንዴ ይጽፋል። ሲጀምር አንዷን አሥራ አምስት በመቶ ለማግኘት ግማሽ ካርቶን በቁጥር ሞላ።

«አንተ ፋራ፣ እንዲያ አይደለም!» ብላ ከእጁ ነጠቀችው። «አሥረኛውን ውሰድ። የአራት መቶ አሥረኛ ስንት ነው?»

«አርባ።»

«የአርባ ግማሽ?»

«ሃያ። …ስልሳ! አራት መቶ ስልሳ!»

«አየህ? ሰባት ዓመት ሙሉ ይቺን ነው የምትሸሻት።»

ከሃያኛው ካርቶን በኋላ ክንዴ እሷ ሳትነግረው ማስላት ጀመረ። ከሠላሳኛው በኋላ ከእሷ መቅደም አማረው፤ ሁለቴ ተሳሳተ፣ ሁለቴ በማስመሪያ ጣቱን ተመታ። ሙሉውን ዋጋ በትልቁ ይጽፍና ከሥሩ ዕቃው ስንት፣ ቫቱ ስንት እንደሆነ በደንብ በሚነበብ ፊደል ያስቀምጣል። የመጀመሪያዋ ካርቶን ጥግ ላይ ደግሞ በቀልድ «ከነልጓሙ» ብሎ ጻፈባት። ጋሽ ዓብዱልሀሚድ አንሥተው አዩዋት። ክንዴ ሊያጠፋት ላጲስ ፈለገ።

«ተዋት» አሉ። «ሁሉም ላይ ጻፋት።»

አንዲት እናት ገብተው የጃንጥላውን ካርቶን አነበቡ። «አራት መቶ ስልሳ? ማዶ አራት መቶ ነው!» ብለው ወጡ። ጋሽ ዓብዱልሀሚድ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ክንዴም ቀለሙን አስቀመጠ። ሰውየው አሁን ተናደው «በቃ፣ አሮጌዎቹን ካርቶኖች መልሱልኝ» ይላሉ ብሎ ፈራ። እሳቸው ግን የደረሰኝ ወረቀት መቀየር ጀመሩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሴትዮዋ ረጥበው ተመለሱ። «እዚያም ያው ነው! እናንተ እንኳ በር ላይ ነገራችሁኝ። በል አምጣት፣ ከዚህ በላይ ሳልበሰብስ።» ከእሳቸው በኋላ ኮፍያ አይቶ የሄደው ጎረምሳ ግን አልተመለሰም። ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም።

ማይኳን ታቅፈው ሲወጡ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የክንዴ ጣቶች ቀይ በቀይ ሆነዋል። ሰርክአዲስ ደረሰኙን ደብተሯ መሀል አስገባች።

ሰኞ ጠዋት ሰልፉ ከመጀመሩ በፊት መምህር አሳምነው ማይኳን አገላብጠው አዩ። ደረሰኙንም አነበቡ። ቅንድባቸው ተነሣ።

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ? የያዛችሁት ሁለት ሺህ አልነበረም?» ከዚያ ፊታቸው በራ። «አንተ ልጅ! ተከራክረህ ሦስት መቶ አስቀነስክ ማለት ነው? የምርህን ነበር?»

ታሪኩ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ቀረበለት። ክንዴ አንድ ቃል እንኳ መጨመር አያስፈልገውም፤ ራሱን ቢነቀንቅ ጀግና ነው። ደረሰኙም ይመሰክርለታል። ሰርክአዲስ ከጎኑ ቆማ ጫማዋን ታያለች። አላገዘችውም፤ አላጋለጠችውም።

«ለሁሉም ብናገረው ይሻላል፣ ቲቸር» አለ።

ማይኳን ጨበጠ። ድምፅ ማጉያው አንዴ ጮኾ ዝም አለ። አራት መቶ ፊት ወደ እሱ ዞሯል፤ ግማሾቹ ዛሬ ደግሞ ምን ሊቀድ ነው ብለው ገና ካሁኑ ፈገግ ብለዋል። ቀይ ኮፍያ ያደረገው ሌባ፣ ጎርፉ፣ ሁለቱ በጎች፣ ሁሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

«የዕለቱ ዜና» አለ ክንዴ። «ማይኩ ሁለት ሺህ ብር ነው ብያችሁ ነበር። ልክ አልነበርኩም። ከነቫቱ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ነው። ተከራክሬ ያስቀነስኩት ነገር የለም። የጎደለውን እኔና ሰርክአዲስ ለሱቁ የዋጋ ካርቶን ጽፈን ነው የሸፈንነው። ዜናው ይኸው ነው፤ የጨመርኩበት የለም።»

ከዚያ ከኋላ ረድፍ አንዱ «ሐይቁስ?» ብሎ ጮኸ።

«ሐይቁ ቦታው ላይ ነው» አለ ክንዴ።

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ክንዴ ብዙ ሳቅ ያውቃል፤ ይህኛው ግን ትከሻው ላይ ምንም ሳይጭንበት አለፈ። ሰርክአዲስ ዓይኗን ከጫማዋ አነሣች። መምህር አሳምነውም ደረሰኙን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ነገም አንተው ነህ» አሉት።

እንግዲህ እኔም በዚህ ታሪክ ላይ የጨመርኩትን ከበሩ ሳትወጡ ልንገራችሁ። አንዲት ነገር ብቻ ናት። ፈረሱ ካርቶን አልበላም። ያን ሰዓት መብራት እንጨቱ ላይ ታስሮ ሲያንቀላፋ ነበር። ካርቶኗን ከሬዲዮዋ ላይ በጥሰው ለሁለት የቀደዷት ጋሽ ዓብዱልሀሚድ ራሳቸው ናቸው፤ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በገዛ እጃቸው። ነጋዴ የገዛ ዋጋውን ቀደደ ብል ማን ያምነኛል ብዬ ነው ፈረስ ያስገባሁበት።